ከፎቶግራፎቹ በስተጀርባ፦ የዓለም ቅርስ ማዕከል ድረ ገጽ ሲመዘን

በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ አንድ ቦታ ማወቅ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው መቀመጫው ፓሪስ ወደሆነው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ማዕከል ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የተካሄደው 47ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ሲጠናቀቅ በመዝገቡ ላይ በ170 አገሮች የሚገኙ 1,248 ቦታዎች ሰፍረው ነበር፤ 972ቱ ባህላዊ፣ 235ቱ ተፈጥሯዊ፣ 41ዱ ደግሞ ሁለቱን ያጣመሩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው ቦታዎቹን ሳይሆን ድረ ገጹን፣ ማለትም ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚጠቀምበትን ይህን የሕዝብ አገልግሎት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የድረ ገጹ ፊት ከያዘው ጉዳይ ክብደት ጋር አይመጣጠንም፤ ከፊቱ ጀርባ የተቀመጠው የሰነድ ክምችት ግን በቅርስ ጉዳይ ለሕዝብ ክፍት ሆነው ካየኋቸው መዛግብት ሁሉ የላቀ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ መመለሱ ነው።

ከፊቱ ልጀምር። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ገጽ ያለው ሲሆን፣ በገጹ ላይ አጭር መግለጫ፣ ፎቶግራፎች፣ የተመዘገበበት ዓመት፣ የቆዳ ስፋቱና የተመዘገበባቸው መስፈርቶች ይገኛሉ። መስፈርቶቹ አሥር ናቸው፤ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ባህላዊ፣ ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ተፈጥሯዊ ቦታዎችን ይመለከታሉ፤ አንድ ቦታ ለመመዝገብ ቢያንስ አንዱን ማሟላት ይጠበቅበታል። መግለጫዎቹ በጥንቃቄ የተጻፉ ቢሆኑም ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለ ካቴድራል፣ ስለ በረሃና ስለ ባሕር ዳርቻ የተጻፉትን ተከታትሎ ያነበበ ሰው ሁሉም "ልዩ"፣ ሁሉም "ድንቅ"፣ ሁሉም "አቻ የማይገኝለት" ሆነው ያገኛቸዋል፤ በመጨረሻም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር ያጣል።

በ1981 የተመዘገበው የአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አጭሩ መግለጫ በዚያ 400 ዓይነት ኮራል፣ 1,500 የዓሣ ዝርያና 4,000 ዓይነት ሞለስክ (እንደ ቀንድ አውጣ ያለ አጥንት የለሽ ፍጥረት) እንደሚገኝ፣ ሊጠፉ የተቃረቡት ዱጎንግ የተባለው የባሕር አጥቢ እንስሳና ትልቁ አረንጓዴ የባሕር ኤሊም እንደሚኖሩበት ይነግረናል። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የባሕሩ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በውስጡ እየኖሩ የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች አስወጥቶ እንደሚነጣ፣ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደም እንደሚሞት፣ ይህ ጉዳት በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው እንደደረሰ ከዚህ መግለጫ አንድም ፍንጭ አይገኝም። በዚያው ገጽ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የገባ አንባቢ ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል፦ በ2021 ቦታው "በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች" በሚባለው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሐሳብ እንደቀረበና ኮሚቴው ሐሳቡን ሳይቀበለው እንደቀረ፣ በ2022 ወደ ስፍራው የተላከው የባለሙያዎች ቡድንም ያንኑ ሐሳብ መልሶ እንዳነሳ በሰነድ ተቀምጧል። ሁለቱ ጽሑፎች የሚናገሩት ስለ አንድ ባሕር መሆኑን ማመን ያስቸግራል።

"ሰነዶች" የሚለው ክፍል የዚህ ድረ ገጽ ልብ ነው። አገሩ ያቀረበው የምዝገባ ጥያቄ፣ የባለሙያዎች ግምገማ፣ ካርታዎች፣ የኮሚቴው ውሳኔዎች፣ ወደ ቦታው የተላኩ ቡድኖች ዘገባዎችና በየጊዜው የሚቀርቡ የጥበቃ ሁኔታ ሪፖርቶች እዚያ ተሰብስበዋል። ለአዲስ አንባቢ መጀመሪያ ግራ የሚያጋቡት ቁጥሮቹ ናቸው፤ ሆኖም ትርጉማቸው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቦታ መለያ ቁጥር አለው፦ የኢኳዶር ደሴቶች የሆኑት ጋላፓጎስ 1፣ የዚያው አገር የኪቶ ከተማ 2፣ የጀርመኑ የአኸን ካቴድራል 3፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 9፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት 18፣ የአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ 28። እነዚህ ሁሉ በ1978 ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ናቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ "ቢስ" ወይም "ቴር" የሚል ቅጥያ ከታየ ምዝገባው ከጊዜ በኋላ መሻሻሉን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ጋላፓጎስ "1ቢስ" የሆነው በ2001 በደሴቶቹ ዙሪያ ያለው ጥብቅ የባሕር ክልል ስለተጨመረበት ነው። የኮሚቴው ውሳኔዎችም ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው አኃዝ የጉባኤውን ተራ ስለሚያሳይ፣ በ44 የሚጀምር ውሳኔ ያጋጠመው ሰው በ2021 የተካሄደውን 44ኛውን ጉባኤ እያነበበ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ከሰነዶቹ ሁሉ እኔ አስቀድሜ የምከፍተው የባለሙያዎቹን ግምገማ ነው። ባህላዊ ቦታዎችን የሚገመግመው ኢኮሞስ የተባለው ዓለም አቀፍ የሐውልቶችና የታሪካዊ ስፍራዎች ምክር ቤት ሲሆን፣ ተፈጥሯዊ ቦታዎችን የሚገመግመው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ውዳሴው ቀንሶ ጥያቄው ይበዛል፦ ቦታው ከሚመሳሰሉት ሌሎች ቦታዎች በምን ይበልጣል? ወሰኑ ዋናውን ነገር ሁሉ አቅፏል? በዙሪያው መከላከያ ቀጠና አለው? የሚያስተዳድረው ማነው? በምን ሕግስ ይጠበቃል? በመጨረሻም ባለሙያዎቹ ከአራቱ አንዱን ምክር ይሰጣሉ፦ ይመዝገብ፣ ተጨማሪ መረጃ ይቅረብበት፣ በጥልቀት ተጠንቶ እንደገና ይምጣ፣ ወይም አይመዝገብ። የቀደሙት ዓመታት ግምገማዎች አጫጭር ሲሆኑ የዛሬዎቹ ብዙ ገጽ የሚወስዱ ናቸው፤ የቅርስ ጥበቃ አስተሳሰብ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደተራቀቀ ይህ ልዩነት ብቻውን ያሳያል።

የባለሙያዎቹ ቃል ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። የሚወስነው የ21 አገሮች ተወካዮች የሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴውም ምክሩን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ግምገማውንና ውሳኔውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ራሱ ያያል። ጋላፓጎስ በ2007 በአደጋ መዝገብ ላይ የሰፈረው ከውጭ በገቡ ወራሪ ዝርያዎች፣ ቅጥ ባጣ የቱሪዝም ዕድገትና ከመጠን ባለፈ ዓሣ ማስገር ምክንያት ነበር። በ2010 የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ ከመዝገቡ ለማውጣት ጊዜው ገና ነው ሲል ኮሚቴው አወጣው። ቬኒስም በ2021 እና በ2023 በዚያው መዝገብ ላይ እንድትሰፍር ሐሳብ ቀርቦ በሁለቱም ጊዜ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ድረ ገጹ እነዚህን አለመግባባቶች ሳይደብቅ የሁሉንም ወገን ጽሑፍ በአንድ ስፍራ ማስቀመጡ የሚያስመሰግነው ተግባር ነው፤ መንግሥታት የሚወስኑበት ተቋም ይህን ያህል ገበናውን ሲከፍት ማየት የተለመደ አይደለም። ነገር ግን ልዩነት መኖሩን በግልጽ የሚጠቁም ምልክት በቦታው የፊት ገጽ ላይ የለም፤ ሁለቱን ሰነዶች አውጥቶ የማነጻጸሩ ሥራ ለአንባቢው ተትቷል።

ስለ አደጋ መዝገቡ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው እንደ ቅጣት የሚመለከተውን ይህን መዝገብ በትክክል ለመረዳት የጥበቃ ሁኔታ ሪፖርቶችን ከማንበብ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከ1979 ጀምሮ የተጻፉት እነዚህ ሪፖርቶች በአገር፣ በዓመትና በስጋት ዓይነት ተለይተው ሊፈለጉ ይችላሉ፤ የማዕድን ቁፋሮ፣ ሕገ ወጥ አደን፣ ጦርነት፣ ግድብ ወይም የቱሪዝም ጫና ያስጨነቃቸውን ቦታዎች በየፈርጁ ማውጣት ይቻላል። በ1996 የተመዘገበውን የቤሊዝን ባሪየር ሪፍ መዝገብ እንደ ምሳሌ እንክፈት። በ2009 በአደጋ መዝገብ ላይ የሰፈረው ለትናንሽ ዓሦች መጠለያ የሆነው የማንግሮቭ ደን እየተመነጠረ፣ በቅርሱ ክልል ውስጥ ያለ መሬትም ለግንባታ እየተሸጠና እየተከራየ ስለነበር ነው፤ በባሕሩ ውስጥ ነዳጅ የመፈለግ ስጋትም አብሮ ይነሳ ጀመር። በየዓመቱ የቀረቡትን ሪፖርቶች በተራ ያነበበ ሰው ኮሚቴው ያንኑ ጥያቄ ሳይሰለች ሲደጋግም፣ መንግሥቱ ቃል ሲገባና ሲዘገይ፣ ከመዝገቡ ለመውጣት መሟላት ያለባቸው ነጥቦች አንድ በአንድ ሲጻፉ ይመለከታል። በ2017 መጨረሻ ቤሊዝ በባሕር ክልሏ ሁሉ የነዳጅ ሥራን የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ የማንግሮቭ ጥበቃ ደንቧንም አጠናከረች፤ በ2018 ቦታው ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ይህን ታሪክ በአንድ አንቀጽ የዜና ዘገባ ያነበበ ሰው ውጤቱን ብቻ ያውቃል። ሪፖርቶቹን ያነበበ ግን አንድ ቅርስ እንዴት እንደሚተርፍ፣ ማለትም በስንት ደብዳቤ፣ በስንት ጉብኝትና በስንት ቀጠሮ እንደሆነ ይገነዘባል።

ሌላው የማደንቀው ነገር ከመዝገቡ የተሰረዙ ቦታዎች ገጽ አለመጥፋቱ ነው። እስካሁን ሙሉ በሙሉ የተሰረዙት ሦስት ሲሆኑ፣ ሦስቱም መሰረዛቸው ተገልጾ ሰነዶቻቸው እንዳሉ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በ1994 የተመዘገበው የኦማን የዓረቢያ ኦሪክስ መጠለያ ነው። ኦሪክሱ በ1972 ከዱር ጠፍቶ ከአሥር ዓመት በኋላ በሰዎች ጥረት ወደ በረሃው የተመለሰ እንስሳ ነው፤ ቁጥሩ በ1996 እስከ 450 ደርሶ ነበር። ሕገ ወጥ አደንና የመኖሪያ መራቆት ወደ 65 ካወረደው በኋላ፣ አገሪቱ ነዳጅ ስለተገኘ የጥበቃ ክልሉን 90 በመቶ ለመቀነስ ወሰነች፤ ኮሚቴውም በ2007 ሰረዘው። ቁጥሮቹ በውሳኔው ውስጥ ያለ ምንም ማለዘቢያ ተጽፈዋል። ያን አጭር ውሳኔ ማንበብ ያማል፤ ቢሆንም መነበብ አለበት።

በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ የሚገኘው የኤልበ ሸለቆ በ2004 ተመዝግቦ በ2009 የተሰረዘው በሸለቆው መካከል ባለ አራት መስመር የመኪና ድልድይ ስለተሠራ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በ2005 በሕዝበ ውሳኔ ድልድዩን ደግፈው ስለነበር፣ ሰነዶቹ በአንድ በኩል የነዋሪውን ፍላጎት፣ በሌላ በኩል ለዓለም የተገባውን ቃል ፊት ለፊት ያቆማሉ። በዚያው በ2004 የተመዘገበችው የሊቨርፑል የወደብ ከተማ ደግሞ በአሮጌዎቹ የመርከብ መትከያዎች አካባቢ በታቀደው ግዙፍ ግንባታ ምክንያት በ2012 ወደ አደጋ መዝገብ ገብታ፣ በ2021 በ13 ድምፅ ድጋፍና በ5 ተቃውሞ ተሰርዛለች። ኮሚቴው ሕንፃ የማስቆም ሥልጣን የለውም፤ ያለው መሣሪያ ማስጠንቀቅና በመጨረሻ መሰረዝ ብቻ ነው። ይህን ውሱንነት ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የሚያስረዱት እነዚህ ሁለት መዝገቦች ናቸው።

ክምችቱ ከዚህም የጠለቀ ጥቅም አለው። በ1979 የአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ሲመዘገብ ኮሚቴው ቦታው ብቸኛና ልዩ መሆኑን፣ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ሌሎች ቦታዎች ምዝገባም እንደሚገድብ በውሳኔው አስፍሯል። ከዚያ የተነሳው ጥያቄ፣ ማለትም የሰው ልጅ ጭካኔ የተፈጸመበት ቦታ ከካቴድራልና ከፏፏቴ ጋር በአንድ መዝገብ ይስፈር ወይ የሚለው፣ ለአሠርት ዓመታት ሲንከባለል ይታያል። በ1996 የሂሮሺማው የሰላም መታሰቢያ ገባ። በ2018 የአንደኛው የዓለም ጦርነት መካነ መቃብሮች ቀርበው ጉዳዩ በቅድሚያ ይጠና ተብሎ በይደር ተያዘ። በ2023 ግን እነዚያ መካነ መቃብሮች፣ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያዎችና በአርጀንቲና በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ሰዎች የተሠቃዩበት ኤስማ የተባለው ሕንፃ በአንድ ጉባኤ ተመዘገቡ። ከ1979 እስከ 2023 የተጻፉትን ውሳኔዎች በቅደም ተከተል ማንበብ ዓለም ስለ መታሰቢያ ያለው አመለካከት እንዴት እንደተለወጠ በዋናው ምንጭ ላይ መከታተል ነው። ስለ "እውነተኛነት" የተደረገው ክርክርም እንዲሁ ነው። በጦርነት ከ85 በመቶ በላይ ፈርሶ እንደገና የተሠራው የዋርሶ ታሪካዊ ማዕከል በ1980 ተመዘገበ፤ በ1993 ፈርሶ በ2004 ተሠርቶ የተመረቀው የቦስኒያው የሞስታር ድልድይ ከነአካባቢው በ2005 ገባ። እንደገና የተሠራ ነገር ቅርስ ሊባል ይችላል ወይ ለሚል ተማሪ፣ በ1994 በጃፓኗ ናራ ከተማ ከወጣው የእውነተኛነት ሰነድ ጋር ከእነዚህ ሁለት መዝገቦች የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም።

አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ ገጾች ላይ "የላቀ ዓለም አቀፍ እሴት መግለጫ" የሚባል ረጅም ጽሑፍ ይገኛል። ቀደም ባሉት ዓመታት ለተመዘገቡ ቦታዎች ይህ መግለጫ የተጻፈው ከምዝገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው፤ እንዲህ ያለ መግለጫ በምዝገባ ጊዜ አብሮ መቅረብ ያለበት ከ2007 ወዲህ ብቻ ነውና። ስለዚህ በ1978 የተመዘገበ ቦታ ያኔ ለምን እንደተመረጠ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መግለጫውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ግምገማና የጉባኤውን ዘገባ ማንበብ አለበት። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ የዛሬውን አስተሳሰብ ለትናንት ሰዎች የሚሰጡ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም፤ ገጹ ጽሑፉ የጸደቀበትን ዓመት በጉልህ ቢያሳይ ኖሮ ስሕተቱ በቀነሰ ነበር።

ካርታውን በተመለከተ፣ በቦታው የፊት ገጽ ላይ የሚሰጠው መጋጠሚያ (የኬክሮስና የኬንትሮስ ልክ) የአንድ ነጥብ ነው። ለአንድ ቤተ መቅደስ ይህ ይበቃል። የምድርን ቅርጽና መጠን ለመለካት በ19ኛው መቶ ዘመን ለተዘረጋውና በአሥር አገሮች ውስጥ 34 ነጥቦችን ለያዘው የስትሩቨ ቅስት፣ ወይም በሰባት አገሮች ለሚገኙት 17 የአርክቴክቱ የለ ኮርቡዚየ ሕንፃዎች ግን አንድ ነጥብ ትርጉም የለውም። መፍትሔው "ካርታዎች" የሚለውን ክፍል መክፈት ነው፤ እዚያ የእያንዳንዱ ክፍል መጋጠሚያና ስፋት ተለይቶ ተቀምጧል። የቆዩት ሰነዶች በታይፕ ተጽፈው ስካን የተደረጉ በመሆናቸው ፊደላቸው የደበዘዘ፣ ቃል ፈልጎ ለማግኘትም የሚያስቸግሩ አሉ። ከዚህ የሚከብደው የቋንቋው ጉዳይ ነው። አጭር መግለጫዎቹ ወደ ተለያዩ ቋንቋዎች የተመለሱ ሲሆን ሰነዶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ብቻ የሚገኙ ናቸው። በዚህም የተነሳ እነዚህን ቋንቋዎች የማያነብ ሰው፣ የቅርሱ ባለቤት የሆነው የአካባቢው ነዋሪ ጭምር፣ ውዳሴውን ብቻ አግኝቶ ክርክሩን ያጣል። ይህ በእኔ አመለካከት የድረ ገጹ ትልቁ ጉድለት ነው።

በአገሮች ተራ የተዘጋጀው ዝርዝርም ሳይፈለግ የውድድር ሰሌዳ ሆኗል። ጣሊያን 61፣ ቻይና 60 መሆናቸው በየዓመቱ ዜና ይሆናል፤ የዓለም ቅርስ ስምምነትን ከፈረሙት 196 አገሮች መካከል 26ቱ አንድም ቦታ እንደሌላቸው ግን ማንም አያነሳም።

ለተፈጥሯዊና ለቅይጥ ቦታዎች ይህን ድረ ገጽ ከሌላ አገልግሎት ጋር አጣምሮ መጠቀም ይበጃል። የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ በ2014 የጀመረው የዓለም ቅርስ ትንበያ እያንዳንዱን ቦታ በአራት ደረጃ ይመድባል፦ ጥሩ፣ ጥቂት ስጋት ያለበት ጥሩ፣ ከፍተኛ ስጋት ያለበትና እጅግ አሳሳቢ። ደረጃው የሚሰጠው ያለ ኮሚቴው ድምፅ ስለሆነ፣ በአደጋ መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ነገር ግን በእርግጥ የተጎዱ ቦታዎችን ያሳያል፤ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በ2020 ከአራቱ የመጨረሻ በሆነው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ለባህላዊ ቦታዎች ተመጣጣኝ የሆነ በየጊዜው የሚወጣ ደረጃ የለም። ስለ አንድ ጥንታዊ ከተማ ወይም ገዳም ይዞታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ የጥበቃ ሁኔታ ሪፖርቶቹን ከመጨረሻው ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ እያነበቡ መሄድ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ማዕከሉ የከፈተው ክምችት ሙሉ በሙሉ ይበቃል።